ከአውሮፕላን የወረደ ሞተር ደንገጎን ሲወጣ

ልጅ ሆኜ በአጎቴ ሞተር ብስክሌት ላይ አንዲት የምወዳት ቦታ ነበረች። ከሲሊንደሩ ጎን፣ ሙቀት ከሚያወጡት ክንፎች መሃል፣ የአውራ ጣት ጫፍ የምታክል ጉብታ ወጣ ብላለች። መሃሏ ቀዳዳ ነው። ቀዳዳው ውስጥ ምንም የለም። ቡሎኗ የጠፋ ይመስለኝ ነበር። አጎቴ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ ቤታችን በር ላይ ሞተሩን ሲያጥብ እኔ ጣቴን እዚያች ቀዳዳ ላይ አደርግና «እዚህ ጋ ምን ነበር?» እለዋለሁ። «አቦ እኔ ምን አውቄ! ስገዛውም እንዲሁ ነው» ይለኛል።

አጎቴ ካረፈ አራት ዓመት ሆነው። ሞተሩን ለእኔ ተወልኝ። ትራያምፍ ትሮፊ ይባላል፤ መለያው ቲአር5 ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1950 የተሠራ። አጎቴ የገዛው በእኛ 1950 ዓ.ም. ነው፤ ወደ አገሩ ሊመለስ ዕቃውን ይሸጥ ከነበረ አንድ የምድር ባቡር ፈረንጅ። ሁለቱ 1950ዎች እንዳይምታቱባችሁ፤ ሲገዛ ሞተሩ ሰባት ስምንት ዓመት ሠርቶ ነበር። አጎቴ ለእንግሊዝ ሞተር ያለው ፍቅር ግን ከዚያም ይቀድማል። በመጋቢት 1933 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ድሬዳዋ ሲገባ ትንሽ ልጅ ነበር። መልእክተኞቹ በሞተር ሲያልፉ ከኋላ ኋላቸው እየሮጠ አቧራቸውን እንደበላ እስኪያረጅ ድረስ ሲያወራ ኖሯል።

ሞተሩ ተጠግኖ ከተነሣ ሁለት ዓመት ሞላው። ገበያ ሄጄበታለሁ፣ ሐረር ወጥቼበታለሁ፣ ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ውስጥ ወድቄበታለሁ። ስለዚህ የምለው አለኝ።

መጀመሪያ ግን ያችን ጉብታ ልጨርስ።

ሞተሩ ከሃያ ዓመት በላይ ጓዳ ውስጥ በጨርቅ ተሸፍኖ ቆሟል። ፒስተኖቹ ተጣብቀዋል። መጀመሪያ የወሰድኩበትን ጋራዥ ስም አልጠራም። ሁለት ወር አቆዩት። ልጠይቅ ስሄድ በሌላው ጎን ካሉት ጉብታዎች አንዷ የለችም። በሞረድ ልጠዋታል። «ትርፍ ነገር ናት፣ ለማጽዳት አስቸገረችን» አሉኝ። ያን ቀን ምሳ አልወረደልኝም። የሰው አጥንት የቆረጡ ነው የመሰለኝ። ሞተሩን በጋሪ ጭኜ ወጣሁ።

ሙሴ ጋ የወሰደኝ የባጃጅ ሹፌር ነው። ገንደ ቆሬ በኩል፣ ታፔላ የሌለው፣ የቆርቆሮ በር ያለው ግቢ። ሙሴ ዕድሜያቸው ከሰባ አልፏል። ወጣትነታቸውን በሙሉ በምድር ባቡር ወርክሾፕ ቶርኖ ላይ ነው ያሳለፉት፤ ፈረንሳይኛውንም ቶርኖውንም የተማሩት እዚያው ነው። የወላጅ ስማቸውን የሚያውቅ ጥቂት ነው። በድሬ ወግ ሁላችንም ፊት ለፊት «አንተ» ነው የምንላቸው፤ ስጽፍ ግን አንቱ ማለት ደስ ይለኛል።

ሙሴ ሞተሩን አይተው ዝም አሉ። መነጽራቸውን አደረጉ። በርጩማ ስበው ከሲሊንደሩ ጎን ተቀመጡ። ያችን የእኔን ጉብታ በጥፍራቸው ጫሩና «አንተ ልጅ፣ ይሄ እኮ መንገድ ላይ እንዲሄድ የተሠራ አይደለም» አሉኝ።

«እንዴት ሙሴ?»

«ሳጥን ውስጥ ቁጭ ብሎ የሚሠራ ነገር ነበር። እዚህ ላይ ቆርቆሮ ይታሰራል። ነፋሱ በቆርቆሮው ውስጥ እየተመራ ነው የሚደርሰው።»

«በምን አወቅክ?»

ክንፎቹን አሳዩኝ። አራት ማዕዘን ናቸው፤ ጠርዛቸው እንደ መጽሐፍ ቀጥ ያለ። ቆርቆሮ ቢለበስ ልክክ ይላል። ከዚያ የጭስ መውጫዎቹን አሳዩኝ። የመንገድ ሞተር ቢሆን አንዱ ወደ ግራ፣ አንዱ ወደ ቀኝ ዘመም ይል ነበር፤ ነፋስ በመሃላቸው እንዲገባ። እነዚህ ግን ጎን ለጎን ቀጥ ብለው ወደፊት ነው የሚወጡት። «ይሄ ማራገቢያ የነበረው ነው። ጀነሬተር ሳይሆን አይቀርም» አሉ፤ ሻይም አዘዙልኝ።

ቤቴ ገብቼ ማንበብ ጀመርኩ። ሙሴ ልክ ነበሩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኤድዋርድ ተርነር የሚባለው የትራያምፍ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1937 ስፒድ ትዊን የተባለ ሞተር ብስክሌት አወጣ። ሁለት ሲሊንደሮች ጎን ለጎን፣ ሁለቱ ፒስተኖች አብረው ወጥተው አብረው የሚወርዱ። ከዚያ በኋላ የመጡት የእንግሊዝ ባለሁለት ሲሊንደሮች አብዛኞቹ የዚህን አቀማመጥ ተከትለዋል። ጦርነቱ መጣ። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1940 ጀርመኖች ኮቨንትሪን በአንድ ሌሊት ሲደበድቡ ፋብሪካውም አብሮ ወደመ። እ.ኤ.አ. በ1942 ሜሪደን በምትባል መንደር አዲስ ተሠራ።

በዚያ ዘመን ትራያምፍ ለአየር ኃይሉ አውሮፕላኖች ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ጀነሬተር ያመርት ነበር። የሚያዞረው ያው ባለሁለት ሲሊንደር 500 ሲሲ ነው። ግን ብረት ለአውሮፕላን ይከብዳል። ስለዚህ ሲሊንደሩን ከአሉሚኒየም አደረጉት፤ ውስጡን ብቻ ብረት አለበሱት። እንደ ሞተር ብስክሌት ነፋስ እየቀዘፈ የማይሄድ ስለሆነ ማራገቢያና የቆርቆሮ ሽፋን ተሠራለት። ሽፋኑ በቡሎን የሚታሰርባቸው ጉብታዎች ደግሞ ከሲሊንደሩ ጋር አብረው ተቀልጠው ተሠሩ። ጣቴን የማደርግባት ቀዳዳ ይህቺ ናት። እንዳሰብኩት የጠፋ ቡሎን ቦታ ነበረች፤ ቡሎኑ የቀረው ግን አውሮፕላን ላይ ነው።

ጦርነቱ አለቀ። ሲሊንደሩ መኖሩን የሚያውቁ ሰዎች ፋብሪካው ውስጥ ነበሩ። ፍሬዲ ክላርክ የተባለው የሙከራ ክፍል ሰው ይህን ሲሊንደር በመንገድ ሞተር ላይ ገጠመና ለእሽቅድምድም አሰናዳው። ተርነር ራሱ ፋብሪካው እሽቅድምድም ውስጥ እንዲገባ አይወድም ነበር። ቢሆንም ኤርኒ ላየንስ የተባለ አየርላንዳዊ እ.ኤ.አ. በ1946 በማንክስ ግራንድ ፕሪ፣ ዝናብ እየወረደ፣ በዚያ ሞተር አንደኛ ወጣ።

ለእኛ ሞተር ግን ዋናው ዓመት እ.ኤ.አ. 1948 ነው። በየዓመቱ የስድስት ቀን ውድድር የሚባል ነገር አለ። ስድስት ቀን ሙሉ ተራራ፣ ጭቃ፣ ኮረኮንች፣ አስፋልት ይነዳል። ሰዓት ይቆጠራል። ሞተሩ ቢበላሽ የሚጠግነው ነጂው ብቻ ነው፤ ያውም በያዘው መፍቻ። የዚያ ዓመት ውድድር ጣሊያን ሳን ሬሞ ነበር። ሜሪደን ውስጥ ሄንሪ ቬል የተባለ ሰው ሞተሮቹን አሰናዳ። አለን ጀፈሪስ፣ ጂም አልቭስና በርት ጌመር ነዷቸው። ሦስቱም ወርቅ አገኙ፤ የፋብሪካዎችን የቡድን ሽልማትም ወሰዱ። የእንግሊዝ ብሔራዊ ቡድንም በዚያው ዓመት ትልቁን ዋንጫ በላ። በኅዳር ለንደን ኧርልስ ኮርት ኤግዚቢሽን ላይ ትራያምፍ አዲስ ሞተር አቀረበ። ስሙን ትሮፊ አለው፤ ዋንጫ ማለት ነው። ከ1949 ጀምሮ ተሸጠ። በላዩ ላይ የተቀመጠው ያ የአውሮፕላን ጀነሬተር ሲሊንደር ነው፤ ጉብታዎቹ ሳይነኩ።

እኔ ይህን ሳነብ ሌሊት ነበር። ድሬ ሌሊትም ሙቀት ነው፤ ግቢ ወጥቼ ከሞተሩ አጠገብ ተቀመጥኩ። አጎቴ ይህን ሳያውቅ መሞቱ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ጥገናው አምስት ወር ፈጀ። ሲሊንደሩ ሬክቲፊካ ገባ፤ ውስጡ ተፍቆ ሊስተካከል። ሲወለድ ስፋቱ 63 ሚሊ ሜትር ነው፤ ዝገቱ እስኪጠፋ ትንሽ ስለሰፋ አዲስ ፒስተንና የፒስተን ቀለበት (ፋሻ) አስፈለገ። ለንደን ያለች የአክስቴ ልጅ በሻንጣዋ፣ በሕፃን ልብስ ጠቅልላ አመጣችልኝ። በሲሊንደሩና በክዳኑ መሃል የሚገባውን ጓርኒሲዮን ሙሴ ራሳቸው ከመዳብ ቆረጡት። የቶርኖ ሥራውን በሙሉ 3,500 ብር ብቻ ተቀበሉኝ። ጨምሬ ልሰጥ ስል ተቆጡኝ።

ትልቁ ጣጣ መፍቻ ነው። የእንግሊዝ ቡሎን በሚሊ ሜትር አይለካም። የድሮ ዊትወርዝ የሚባል የራሳቸው ልክ አላቸው። 13 ቁጥር መፍቻ አይገባም፤ 14 ይንሸራተታል፤ የቡሎኑ ራስ 13.3 ገደማ ነው። በ14 እታገላለሁ ያለ ሰው ቡሎኑን ያከብበዋል። ቀድሞ የወሰድኩበት ጋራዥ ያከበባቸውን ሙሴ አንድ በአንድ ቀየሩ። ይህን ሞተር የሚገዛ ሰው ከሞተሩ በፊት መፍቻውን ይግዛ። የምሬን ነው።

አሁን ወደ መንዳቱ።

ማስነሣቱ ከሚመስለው ይቀላል። የቤንዚኑን ቧንቧ ትከፍታለህ። ካርቡራተሩ ላይ ያለችውን ትንሽ ቁልፍ ቤንዚን ጠብ እስኪል ትጫናለህ። ከዚያ አንድ እርግጫ፤ ካልሆነ ሁለት። እግር አይመታም፤ ሞተሩ ጭቅጭቅ አያውቅም። ምክንያቱ ጭመቃው ዝቅተኛ መሆኑ ነው፤ ስድስት ለአንድ ብቻ። ከጦርነቱ በኋላ እንግሊዝ ውስጥ የነበረው ቤንዚን ደካማ ስለነበር እንዲህ ነው የተሠራው። ባትሪ ባይኖርም ይነሣል፤ ለካንዴላው እሳት የሚሰጠው ማግኔቶ ነው። እኩለ ቀን ፀሐይ ላይ አቁመኸው ከነበረ ግን ያችን ቁልፍ አትንካት፤ ቤንዚን ያፍነዋል።

ጉልበቱ 25 ፈረስ ነው። በዛሬ ቁጥር ምንም አይደለም። ግን ጉልበቱ ከታች ነው ያለው። ሚጥሚጣ ሳይሆን በርበሬ ነው፤ ቀስ ብሎ ይገባል፣ ይቆያል። ደቻቱ ደረቅ ሲሆን ይህን በደንብ አየሁ። አሸዋው ላይ ሌሎች ሞተሮች ጋዝ ሲሰጣቸው ጎማቸው ይቆፍራል። ይሄ ግን በሁለተኛ ማርሽ ዱብ ዱብ እያለ ይወጣል። የፊት ጎማው 20 ቁጥር ነው፤ ረጅምና ቀጭን፤ አሸዋውን እንደ ቢላዋ ይከፍላል። አጭር ነው፤ ከጎማ መሃል እስከ ጎማ መሃል 135 ሴንቲ ሜትር ገደማ። ክብደቱም 140 ኪሎ አይሞላም። አንዴ ወድቄ ብቻዬን አንሥቼዋለሁ። የወደቅኩትም በእኔ ጥፋት ነው፤ ወንዙ መሃል ያለ ፍየል ሳይ ፍሬን ያዝኩ።

ደንገጎ፣ ከድሬ ወደ ሐረር የሚያወጣው ዳገት፣ ግን ሌላ ነው። ለደንገጎ ስል ነው ይህን ሁሉ የምጽፈው።

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ እነሣለሁ። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ደንገጎ ጫፍ ስትደርስ ከ2,000 በላይ ነህ። መንገዱ እየተጠማዘዘ ይወጣል። ከላይ የጫት መኪኖች እየበረሩ ይወርዳሉ። አነስተኛ ሞተር የሚነዱ ጓደኞቼ ግማሽ ላይ ማርሽ ይቀንሳሉ፣ ሞተራቸው ይጮኻል፣ ይሞቃል። ትሮፊው በሦስተኛ ማርሽ ይዞ ይወጣል። ድምፁ አይለወጥም። ያ የአሉሚኒየም ሲሊንደር ሙቀት ቶሎ ይለቃል፤ ከጫፍ ላይ አቁሜ ሳጠፋው ክንፎቹ «ቲክ፣ ቲክ፣ ቲክ» እያሉ ይቀዘቅዛሉ። ጠጋ ብዬ አዳምጣለሁ። ከታች የድሬ ሜዳ ቡናማ ሆኖ ይታያል። አየሩ ቀዝቅዟል፤ ጃኬት ያስፈልጋል። ያንን ድምፅ ለመስማት ብቻ የወጣሁባቸው ቀናት አሉ።

ከዚያ በኋላ ያለው እስከ ሐረር ቀላል ነው። ሐረማያን አልፈህ፣ አወዳይ ገበያውን በትዕግሥት ሰንጥቀህ፣ ትገባለህ። ሸዋ በር አጠገብ አቁሜ ፋጢራ እበላለሁ። የሐረር ሽማግሌዎች ዝም ብለው አያልፉም፤ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ይዞሩታል። አንዱ «ይሄ ድሮ እዚህ ነበር» አሉኝ። የአጎቴ መሆኑን ስነግራቸው ስሙን ጠርተው አለቀሱ። ጀጎል ውስጥ ግን አልነዳበትም። ጠባቡ ድንጋይ ወገብን ይሰብራል።

የወገቡ ነገር መነገር አለበት። የኋላ ጎማው ሾክ የለውም። የኋላ ጎማው መሃል ውስጥ ሞላ የተገጠመለት ስሪት አለ፤ የእኔ ግን ደረቅ ነው። ያለህ ከመቀመጫው ሥር ያሉት ሁለት ሞላዎች ብቻ ናቸው። ፋብሪካው ይህን ያስተካከለው እ.ኤ.አ. በ1955 ነው። መጋላ ውስጥ ስነዳ ቆሜ ነው የምነዳው። ጉድጓድ ሲመጣ ተቀምጦ የተገኘ ሰው አሥር ቀን ያስታውሰዋል። እናቴ አንዴ ከኋላዬ ተቀምጣ እስከ ሳቢያን ሄደች፤ ተመልሳ የመጣችው በባጃጅ ነው።

የፊት መብራቱ ከሻማ ብዙም አይሻልም፤ 6 ቮልት ነው። ለውድድር ቶሎ ተነቅሎ እንዲወጣ በሶኬት ነው የተሰካው። ሐሳቡ ብልህ ነው፤ እኔ ግን ከመግሪብ በኋላ አልነዳም። ፍሬኑ ከበሮ ነው፤ ቁልቁል ደንገጎን ስትወርድ በሞተሩ ካልያዝከው ፍሬኑን ብቻ አትመን። ማርሹ በቀኝ እግር ነው፤ ፍሬኑ በግራ። የአጎቴ ልጅ ይህን ረስቶ ፍሬን መስሎት ማርሽ ረገጠ። እግዜር ይመስገን፣ የቆመው የሙዝ ጋሪ ላይ ነው። ሌላ ሞተር ለለመደ ሰው ባዶ ሜዳ ላይ ቢያንስ ሦስት ቀን ይለማመድ እላለሁ።

ዘይት ያንጠባጥባል። ሙሴ ሁለት ጊዜ ከፍተው አጠበቁት፤ ቀነሰ እንጂ አልቆመም። ዘይቱ ለብቻው ታንክ ስላለው ደረጃውን ክዳኑን ከፍቶ ማየት ነው፤ እኔ በሳምንት አንዴ አያለሁ። ሲቆም ከሥሩ ካርቶን አደርጋለሁ።

ልግዛ ለሚል ሰው አንድ ነገር ብቻ። እ.ኤ.አ. ከ1951 ጀምሮ ፋብሪካው ሲሊንደሩን ቀየረው። አዲሱ ክንፎቹ የተጠጋጉና የበዙ ናቸው፤ ጉብታ የለውም። ጥሩ ሞተር ነው፤ እስከ 1958 ድረስ ተሠርቷል። ግን እኔ ምርጫ ቢሰጠኝ ባለጉብታውን ነው የማነሣው። አራት ማዕዘን ክንፍና ጉብታ ያለው ሲሊንደር ካገኛችሁ፣ ተሰባብሮም ቢሆን፣ አታስቀልጡት፤ ማንም ሰው ሞረድ ይዞ እንዲጠጋው አትፍቀዱ። ሙሴ የተላጠችዋን በአሉሚኒየም ብየዳ መልሼ ልሥራት ብለውኝ ነበር። እምቢ አልኩ። ጠባሳዋ እንዳለች ትቆይ።

አሁን ያስቸገረኝ የፊት ጎማው ነው። አልቋል፤ ገመዱ መታየት ጀምሯል። ድሬ ውስጥ የጠየቅኳቸው ጎሚስታዎች ሁሉ ያላቸው 17 እና 18 ነው። ታይዋንም አሸዋም ገበያ ዞሬያለሁ። ሐረር ወይም ድሬ ውስጥ ባለ 20 የሞተር ጎማ ጓዳው ያስቀመጠ ሰው ካለ፣ ያገለገለም ቢሆን እወስዳለሁ። ቅዳሜ ወደ ደንገጎ ካልወጣሁ ጠዋት ከዚራ፣ ከባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት፣ ዛፍ ሥር ሻይ ስጠጣ ያገኘኛል። ሞተሩ አጠገቤ ነው፤ ከሥሩ ካርቶን አለው።